ከአሥር ስንት?

የድሮ ፊልምን ቤት ውስጥ ስለማየትና ነጥብ ስለመስጠት የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ስለ ድሮ ፊልም እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ ያደረግሁት ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ሥር አንድ ደብተር ፈልጎ ማውጣት ነው። ሽፋኑ ተልጧል፤ ጥጉን አይጥ የቀመሰው ይመስላል። ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ቤቴ ቁጭ ብዬ ያየኋቸው ፊልሞች ስም፣ ያየሁበት ቀንና ከአሥር የሰጠሁት ነጥብ ተጽፎበታል። ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ «የብስክሌት ሌቦች፣ 6» ይላል። ስድስት! ባየሁት ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። ግን አልሰረዝኩትም። ለምን እንዳልሰረዝኩት ብነግራችሁ የዛሬው ጉዳዬ ተጠናቀቀ ማለት ነው። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

«የብስክሌት ሌቦች» የጣሊያናዊው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ ፊልም ነው፤ የ1948። ጦርነቱ ካለቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከተማው ሮም። አንቶኒዮ የሚባል ሥራ ፈት የልጆች አባት በየግድግዳው ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ላለው ሰው ብቻ ነው፤ የእሱ ብስክሌት ደግሞ መያዣ ሆና ገብታለች። ሚስቱ ከአልጋው ላይ አንሶላዎቹን ትገፍና አስይዛ ብስክሌቷን ታስለቅቃለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የሆሊዉዷን የሪታ ሄይዎርዝን ምስል ሲለጥፍ፣ ብስክሌቷ ትሰረቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው አባትና ትንሽ ልጁ ከተማውን ሲያስሱ ነው። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። አባትየውን ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። ልጁን ኤንዞ ስታዮላን ደግሞ ያገኙት መንገድ ላይ ነው። የሆሊዉዱ ፕሮዲውሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ ገንዘብ አወጣለሁ፣ ግን አክተሩ ኬሪ ግራንት ይሁን ብሎ ነበር። ዴ ሲካ እምቢ አለ። እስቲ ኬሪ ግራንት አንሶላ ሲያስይዝ አስቡት!

ታዲያ ለዚህ ፊልም ለምን ስድስት ሰጠሁ? ያየሁት ከመንገድ ዳር በተገዛ የተቀዳ ሲዲ ነበር። የግርጌ ትርጉሙ ከንግግሩ ኋላ ኋላ ይጎተታል፤ ሰውየው ተናግሮ ከዘጋ በኋላ ነው ምን እንዳለ የሚገባኝ። ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኸ። መሃል ላይ ተነሥቼ እራት በላሁ። በማግስቱ ፈተና ነበረብኝ መሰለኝ። ያ ስድስት የተሰጠው ለዚያ ምሽት ነው።

ከዓመታት በኋላ ደኅና ቅጂ አግኝቼ ከእናቴ ጋር አየሁት። እናቴ ጣሊያንኛም እንግሊዝኛም ስለማትችል እንደ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ጮክ እያልኩ እተረጉምላት ነበር። አንቶኒዮ ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሰላሉን ሲወጣ እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ኧረ በሰንሰለት እሰራት! ምን ዓይነት ሞኝ ነው?» ሌባው ይዟት ሲበር ዝም አለች። ትንሽ ቆየችና «ሞኝስ አይደለም» አለች፤ «ደስ ብሎታል። ደስ ያለው ሰው መቆለፍ ይረሳል።» ስለዚህ ፊልም ብዙ ትንታኔ አንብቤያለሁ፤ ይህንን ያለ ሐያሲ ግን አልገጠመኝም። በዚያ ምሽት ከስድስቱ ሥር «9» ብዬ ጻፍኩ፤ አጠገቡም «ከእናቴ ጋር» የሚል ጨመርኩ።

ነጥብ የመስጠቱ ነገር ከየት መጣ? በ1928 ዴይሊ ኒውስ በሚባለው የኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ አይሪን ቲረር የምትባል ሐያሲት ለፊልሞች ኮከብ ታድል ጀመር። ጋዜጣውን የሚገዛው ሰው በባቡር ቆሞ የሚያነብ፣ ኪሱ ውስጥ የአንድ ትኬት ዋጋ ያለው ሰው ነው፤ ዛሬ ማታ ይህን ልይ ወይስ ያንን የሚል ጥያቄ አለው። ኮከቡ ለዚያ ጥያቄ አጭር መልስ ነበር። ወደ ቤት የገባው ከቴሌቭዥን ጋር ነው። ሊዮናርድ ማልቲን የሚባል ወጣት ገና በ18 ዓመቱ፣ በ1969፣ በቴሌቭዥን የሚታዩ ፊልሞችን በአጭር አስተያየትና በኮከብ የዘረዘረ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። ከፍተኛው አራት ኮከብ ነው፤ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ደግሞ «ቦምብ» ይባላል። መጽሐፉ እየታደሰ እስከ 2014 ድረስ ታትሟል። አሜሪካ ውስጥ ሶፋ አጠገብ የማይታጣ ዕቃ ነበር፤ ሰው ሌሊት አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲጀምር ያያል፣ መጽሐፉን ይገልጣል፣ ልተኛ ወይስ ልቆይ ብሎ ይወስናል።

ዛሬ ያንን ሥራ ኢንተርኔት ወስዶታል፤ ችግሩ ኮከቡ አሁን የተመልካቹ መታወቂያ ካርድ መሆኑ ነው። በ2008 «ዘ ዳርክ ናይት» የተባለው ፊልም ሲወጣ አይኤምዲቢ በሚባለው ድረ ገጽ ዝርዝር አንደኛ ይሁንልን ያሉ ደጋፊዎች ለ«ዘ ጎድፋዘር» አንድ እየሰጡ ሊጥሉት ሞክረዋል። የኳስ ሜዳ ነገር መሆኑ ነው። ኔትፍሊክስ ደግሞ በ2017 ኮከቦቹን አንሥቶ በአውራ ጣት ተካቸው። የድርጅቱ ኃላፊዎች ከሰጡት ምክንያት አንዱ አስቆኛል፤ ሰዎች ለቁም ነገረኛ ዘጋቢ ፊልም አምስት ኮከብ ይሰጣሉ፣ ማታ ማታ የሚያዩት ግን ሦስት ኮከብ የሰጡትን ቀልድ ነው። ለራሳችን ብቻ በምንጽፈው ነጥብ ውስጥ እንኳ ሰው ይየኝ አለበት። እኔም ብሆን በደብተሬ ውስጥ ለአንዳንድ የስዊድን ፊልም የሰጠሁትን ስምንት ዛሬ አላምነውም፤ ስምንቱ ስምንት መስጠት የሚችል ሰው ለመምሰል ነበር።

ነጥብ የማይሰጥበት አንድ ትልቅ ምዘና አለ፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የሚባለው የእንግሊዝ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ለሐያስያን አንድ ጥያቄ ይልካል፤ አሥር ፊልም ጥቀሱ ይላል። ቅደም ተከተል የለውም። ከዚያ የተጠቀሱበት ብዛት ይደመራል። በመጀመሪያው ዙር ማን አንደኛ ወጣ? ያ እኔ ስድስት የሰጠሁት፣ በዚያን ጊዜ ገና የአራት ዓመት ሕፃን የነበረው «የብስክሌት ሌቦች»። በሃያ ዓመት ውስጥ፣ በ1972፣ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ እንኳ ጠፋ። በ1952 ከአሥሩ ውስጥ ያልነበረው የኦርሰን ዌልስ «ሲትዝን ኬን» በ1962 አንደኛ ሆነና ሃምሳ ዓመት ማንም አላነቃነቀውም። በ2012 የሂችኮክ «ቨርቲጎ» አወረደው። በ2022 ደግሞ ቤልጅጋዊቷ ሻንታል አከርማን በአንድ ፊልሟ ሁለቱንም አለፈቻቸው፤ በዚህ ዝርዝር አናት ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር ናት። ዌልስ «ኬን»ን ሲያወጣ ገና 26 ዓመት አልሞላውም፤ አከርማን ያንን ፊልሟን ስታሳይ 25 አልሞላትም። ወጣት ነኝ ለሚል ተስፋ፣ እንደኔ ላለው ደግሞ ትንሽ ቁጣ ነው።

«ቨርቲጎ»ን እዩት። በ1958 ሲወጣ የተቀበሉት በለዘብታ ነበር። ሂችኮክ የዚህንና የሌሎች አራት ፊልሞቹን መብት በእጁ አድርጎ ስለያዛቸው ለረጅም ጊዜ ከመታየት ርቀው ቆዩ፤ እሱ በ1980 ከሞተ በኋላ ነው በ1983 እና 84 ተመልሰው የወጡት። አስገራሚው፣ «ቨርቲጎ» ወደ አሥሩ የገባው በ1982፣ እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ነው፤ የናፈቁት ድምፅ ሰጡት። ከዚያ የቪዲዮ ካሴት መጣለት፤ በ1996 ምስሉና ድምፁ ታደሰ፤ ሰው ቤቱ እየደጋገመ ያየው ጀመር፤ ሰባተኛ የነበረው አራተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ በመጨረሻ አንደኛ ሆነ። ሲደጋገም የሚያድግ ፊልም ነው፤ ምስጢሩ ከፊልሙ ማለቂያ ቀደም ብሎ ስለሚገለጥ በሁለተኛው እይታ የሴትዮዋን ፊት የምናየው በሌላ ዓይን ነው። አንድ ጊዜ ትኬት ቆርጦ የገባ ሰው ይህን ሊያገኝ አይችልም።

አንድ ሒሳብ ብቻ ልጨምር። በ2012 ድምፅ ከሰጡት 846 ሰዎች «ቨርቲጎ»ን የጠቀሱት 191 ናቸው። አንደኛ የወጣውን ፊልም ከአራት ሐያስያን ሦስቱ በዝርዝራቸው አላስገቡትም ማለት ነው። እንግዲህ የዓለም ምርጥ ተብሎ የተነገረላችሁን ፊልም አይታችሁ ካልወደዳችሁት አትደንግጡ፤ ብዙኃኑ ከናንተ ጋር ነው።

ቤት ፊልምን ያነሣል ስል ከዚህም የሚገርም ምሳሌ አለኝ። ፍራንክ ካፕራ በ1946 ያወጣው «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» የገና ዋዜማ ላይ ሕይወት አስመርሮት ድልድይ ላይ የቆመ ሰው ታሪክ ነው፤ አንድ መልአክ መጥቶ እሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማው ምን እንደሚመስል ያሳየዋል። ለአምስት ኦስካር ታጨ፤ አንዱንም አላገኘም። ወጪውንም አልመለሰም። ካፕራም በዚህ ፊልም ምክንያት ከፍ ካለበት ወረደ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሕግ የቅጂ መብት በ28ኛው ዓመት መታደስ ነበረበት። በ1974 የፊልሙ መብት ሊታደስ ሲገባ ሳይታደስ ቀረ። በአንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ወረቀት አልተሞላም። ያኔ በየከተማው ያሉ የቴሌቭዥን ጣቢያዎች ለፊልሙ ሳይከፍሉ ማሳየት እንደሚችሉ ደረሱበት፤ በገና ሰሞን ማታ፣ ሌሊት፣ ጠዋት፣ እንደ ፋሲካ ዶሮ በየቤቱ ሆነ። በዚያ ፊልም ያደገ ትውልድ የአገሩ የበዓል ፊልም አደረገው። በ1990ዎቹ ባለመብቶቹ ነቅተው ታሪኩና ሙዚቃው የኛ ነው ብለው መለሱት፤ ፍቅሩ ግን ቀድሞ ተተክሏል። የ1946 ተመልካቾች ተሳስተው ነበር? አይመስለኝም። ያዩት ፊልም በበዓል ሰሞን ቤተሰብ መሃል ተኮልኩሎ የሚታየው አይደለም።

ቤት ደግሞ ይወስዳል። በ1939 የተሠራው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» በቡናማ ምስል ይጀምርና ልጅቷ በሩን ስትከፍት ዓለሙ በአንዴ በቀለም ይጥለቀለቃል። በ1956 በአሜሪካ ቴሌቭዥን ሲተላለፍ በአብዛኛው ቤት የነበረው ጥቁርና ነጭ ቴሌቭዥን ነው። በሩ ተከፈተ፤ ከግራጫ ወደ ግራጫ። ልጆቹ ያደነቁት ያዩትን ሳይሆን ትልልቆቹ የነገሯቸውን ነው።

ዛሬም ቤታችን የሚሰርቀን ነገር ስላለ ጥቂት የእጅ ሥራ ልናገር። አዲስ የገዛችሁት ሰፊ ቴሌቭዥን እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ ማስተካከያ አለው፤ ስሙ በየፋብሪካው ይለያያል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ ማሽኑ በመሃል ሌላ ምስል ከራሱ ፈጥሮ ይሰካበትና ሲኒማው የሠርግ ቪዲዮ ይመስላል። ተዋናዩ ቶም ክሩዝ በ2018 ይህን አጥፉ ብሎ ቪዲዮ ሠርቶ ለምኗል። አጥፉት። ሁለተኛ፣ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ያሉት አብዛኞቹ ፊልሞች ወደ ካሬ የቀረበ ምስል አላቸው፤ ስለዚህ ከግራና ከቀኝ ጥቁር ቦታ ይቀራል። ብዙ ሰው ያ ጥቁር ቦታ ያናድደውና በሪሞት ይለጥጠዋል፤ የዚያች ቀጭን ተዋናይት ፊት ድፎ ዳቦ ያክላል። ጥቁሩን ተዉት። ድምፅ አልባ ፊልሞች ደግሞ እንደ ጉንዳን ሲራወጡ ካያችሁ አንዳንዴ የቅጂው ጥፋት ነው፤ በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ በ16 ወይም በ18 ምስል የተቀረጸውን በ24 ሲያስኬዱት ይሮጣል። አንዳንዴ ግን ቻፕሊንና መሰሎቹ ሆን ብለው ያደረጉት ነው። የሚለየው ደኅና ቅጂ ሲገኝ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ብዙዎቻችን የውጭ ፊልም የለመድነው በዲሽ፣ ኤምቢሲ ቱ ላይ፣ ከሥር የዓረብኛ ጽሑፍ እየተንጠለጠለ ነው። ዓረብኛውን አናነብም፤ እንግሊዝኛው ግማሹ ያመልጠናል፤ ፊት እያነበብን አደግን። ይህን እንደ ጉድለት ስቆጥረው ኖሬ አሁን አሁን እንደ ስጦታ አየዋለሁ። የድሮ ፊልም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የራሳችንን ካነሣሁ የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ በሁለት ሳምንት ገደማ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። የገበሬዎቹን ሕይወት የሚጫወቱት ሰዎች ሙያቸው ትወና አይደለም፤ ልክ እንደ ዴ ሲካ ሠራተኛ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል፤ እርሻው ሲታረስ ታርሶ እስኪያልቅ ትጠብቃላችሁ። ይህንን ፊልም በሚሊዮን ድምፅ በሚመዘን ዝርዝር ላይ አትፈልጉት። ብዙ ድምፅ ያለው ፊልም በብዙ ቤት የገባ ፊልም ነው፤ ያልገባውን ዝርዝሩ ወይ ጥሩ ወይ መጥፎ አይለውም፣ ዝም ይለዋል። በደብተሬ ላይ «8፣ ሁለተኛውን ሰዓት ሳይሆን የመጀመሪያውን ነው ያልቻልኩት» የሚል ጽፌለታለሁ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ዛሬ አላስታውስም። እንደገና ማየት ሊኖርብኝ ነው።

እንግዲህ እኔ የማደርገው ይህ ነው። ያየሁት ቀን ቁጥር አልጽፍም፤ አሳድረዋለሁ። በማግስቱ ቁጥሩን፣ ከማን ጋርና በምን እንዳየሁት፣ እንዲሁም አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ድጋሚ ሳይ ከሥር አዲስ መስመር እከፍታለሁ እንጂ የድሮውን አልነካም። «የብስክሌት ሌቦች» አሁን አራት መስመር ሆኗል፤ 6፣ 9፣ 9፣ 8። ስምንቱ አባቴ በሞተ በስድስተኛው ወር ነው፤ ልጁ በመጨረሻው ላይ የአባቱን እጅ ሲይዝ ማየት አልፈለግሁም። ፊልሙ ያኔ አንድ ነጥብ አልቀነሰም። ያ ስምንት ከተሰረዘ ግን ያ ወር አብሮ ይሰረዛል።

ባለፈው ክረምት ያንን የ2022 አንደኛ፣ የአከርማንን የ1975 ፊልም፣ በመጨረሻ ደፍሬ ከእናቴ ጋር ከፈትኩት። ስሙ ራሱ ሙሉ አድራሻ ነው፤ «ዣን ዲልማን፣ 23 ኬ ዱ ኮሜርስ፣ 1080 ብራሰልስ»። ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ሦስት ቀን ቤቷን ስትሠራ እናያለን፤ አልጋ ታነጥፋለች፣ ጫማ ትቦርሻለች፣ ድንች ትልጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንግዳ ይመጣባታል፤ ለእናቴ እዚያ ላይ ብዙም አልተረጎምኩም። ካሜራው ከቦታው አይንቀሳቀስም። እኔ በአርባኛው ደቂቃ ሁለተኛ ሻይ ልቀዳ ተነሥቻለሁ።

እናቴ አልተነሣችም። መነጽሯን አድርጋ፣ ምስር ለቀማዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ሴትዮዋን እንደ ጎረቤት በመስኮት ታያታለች። «እጇ ንጹሕ ነው» አለች። «መብራት ታጠፋለች፣ ጎበዝ።» በሁለተኛው ቀን ገና ምንም የሆነ ነገር ሳይኖር፣ ሐያስያኑ ገጽ ሙሉ የሚጽፉበትን ነገር እኔ ሳላስተውል፣ ምስሩን አቆመች።

«ዛሬ ምን ሆናለች?» አለችኝ።

«ምንም አልሆነችም፣ ምግብ እየሠራች ነው» አልኳት።

«አይደለም። የገንዘቡን ሳህን አልከደነችውም። ድንቹም አልፎበታል፤ ይኸው ድስቱን ይዛ የምታደርግበት ጠፍቷት ትዞራለች።» ወደ እኔ ዞረች። «ይቺ ሴት ደኅና አይደለችም። የሚጠይቃት ዘመድ የላትም?»

እስከ መጨረሻው አየነው። ሲያልቅ ብዙ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ከዚያ ምስሩን አነሣችና ወደ ማድ ቤት ሄደች። በማግስቱ ደብተሬን ከፍቼ ከአሥር ስንት ትሰጫታለሽ ስላት ለማን አለችኝ። ለፊልሙ አልኳት። ለሴትዮዋ የጠየቅኳት መስሏት ነበር። ስሙንና ቀኑን፣ «ከእናቴ ጋር» የሚለውንም ጽፌ የቁጥሩን ቦታ ለጊዜው ክፍት ትቼዋለሁ።